የቆዩ አውቶሞቢሎች በጉዞ ላይ ሞተራቸው ሲጠፋ፦ መንስኤውን በቅደም ተከተል የመለየት ዘዴ

በካፋ ዞን ዴቻ ወረዳ የምትገኘው ማንኪራ የቡና መገኛ በመሆኗ ትታወቃለች። ከዞኑ ዋና ከተማ ከቦንጋ ወደ ማንኪራ ደን የሚደረገው ጉዞ ዳገትና ቁልቁለት የሚበዛበት፣ ዝናብ በጣለ ቀን ደግሞ ጭቃው የሚያዳልጥ ነው። በዚህ ዓይነት መንገድ ላይ ሞተሩ ድንገት የሚጠፋ ተሽከርካሪ ባለቤቱን ከማጉላላት ያለፈ አደጋ ያስከትላል። ዳገት መሐል ቆሞ ወደ ኋላ ሊንሸራተት፣ በጭጋግ ውስጥ ከኋላ በሚመጣ ተሽከርካሪ ሊገጭ፣ ወደ ጤና ተቋም የሚወሰድ ሕመምተኛንም ሊያዘገይ ይችላል።

በሀገራችን ለአሥርት ዓመታት ያገለገሉ ቮልስዋገኖች፣ ፊያቶች፣ ፔጆዎች፣ ላዳዎች፣ ቶዮታ ኮሮላዎችና ላንድሮቨሮች ዛሬም በሥራ ላይ ይገኛሉ። በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ውሳኔውን ይፋ ካደረገ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን የቤንዚን ተሽከርካሪ በአግባቡ ጠብቆ መያዝ ለብዙ ባለንብረቶች ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ካርቡሬተር የተገጠመላቸውን የቆዩ የቤንዚን ተሽከርካሪዎች የሚያሽከረክሩ ዜጎች የሞተር መጥፋት መንስኤን በቅደም ተከተል እንዲለዩ ማገዝ ነው። መሠረታዊው ሐሳብ አጭር ነው፦ መለዋወጫ ከመግዛት በፊት ሞተሩ መቼና እንዴት እንደጠፋ በጥንቃቄ ማስተዋል ያስፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ የአጠፋፉ ሁኔታ ራሱ መንስኤው ወዳለበት ክፍል ይመራል።

ከሁሉ አስቀድሞ ደኅንነት

ሞተሩ በጉዞ ላይ ሲጠፋ አሽከርካሪው በመጀመሪያ ሊያስብ የሚገባው ስለ ፍሬኑና ስለ መሪው ነው። የፍሬን ማገዣ (ሰርቮ) ባላቸው ተሽከርካሪዎች ላይ እገዛው የሚገኘው ከሞተሩ የአየር መሳብ ኃይል ስለሆነ፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የሚቀረው እገዛ ለጥቂት ጊዜ ፍሬን ለመርገጥ ብቻ የሚበቃ ነው። ስለዚህ ፍሬኑን ደጋግሞ እየረገጡ መልቀቅ ሳይሆን አንድ ጊዜ አጥብቆ ረግጦ መያዝና ተሽከርካሪውን ወደ መንገድ ዳር ማውጣት ተገቢ ነው። እገዛው ካለቀም ፍሬኑ ይከብዳል እንጂ አይጠፋም፤ በሙሉ ኃይል መርገጥ ያስፈልጋል። ተሽከርካሪው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ቁልፉን መንቀል መሪው እንዲቆለፍ ሊያደርግ ስለሚችል ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ከቆሙ በኋላ የእጅ ፍሬን መሳብ፣ ማርሽ ማስገባት፣ ጎማን በድንጋይ ወይም በእንጨት ማስደገፍና የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን ምልክት በበቂ ርቀት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ምልክቱ ከሌለ ቅርንጫፍ ማኖር የተለመደ ነው። ነገር ግን ከመነሣት በፊት ድንጋዩንም ሆነ ቅርንጫፉን ከመንገድ ላይ ማንሣት የአሽከርካሪው ግዴታ ነው። በማታ ጨለማ መንገድ ላይ የተተወ ድንጋይ የሌላውን ሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ቤንዚን ለመቆጠብ በሚል ሞተር አጥፍቶ ወይም ማርሹን ፎሌ አድርጎ ቁልቁለት መውረድ አደገኛ ልማድ ነው። በተለይ ሚኒሞው ላይ የሚጠፋ ሞተር ያለው ተሽከርካሪ በፎሌ በሚወርድበት ጊዜ ሞተሩ ቢጠፋ አሽከርካሪው የሞተሩንም የሰርቮውንም እገዛ በአንድ ጊዜ ያጣል። እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ተሽከርካሪ እስኪጠገን ድረስ ሰው ጭኖ ወደ ቁልቁለት መንገድ ባይሄድ ይመረጣል።

ሞተር የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች

የቤንዚን ሞተር እንዲሠራ ሦስት ነገሮች በአንድነት ያስፈልጉታል፤ እነርሱም በትክክለኛ መጠን የሚደርስ ነዳጅ፣ በትክክለኛው ቅጽበት የሚፈነጥቅ የእሳት ብልጭታ እና ከነዳጁ ጋር የተመጣጠነ አየር ናቸው። ሞተር ከጠፋ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ተጓድሏል ማለት ነው። ምርመራ ማለትም የተጓደለው የትኛው እንደሆነ መለየት ነው።

ነዳጁ ከታንከሩ በቱቦ ወጥቶ፣ በማጣሪያ አልፎ፣ በነዳጅ ፖምፓ ተገፍቶ ወደ ካርቡሬተር ይደርሳል። በካርቡሬተሩ ትንሽ ጎድጓዳ ውስጥ ይጠራቀምና በቀጫጭን ቀዳዳዎች እየወጣ ከአየር ጋር ይቀላቀላል። የኤሌክትሪኩ ኃይል ደግሞ ከባትሪው በቁልፉ በኩል ወደ ቦቢናው ይሄዳል። ቦቢናው 12 ቮልቱን ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ከፍ ያደርገዋል፤ ዲስትሪቢዩተሩም ለየካንዴላው ያከፋፍለዋል። በእነዚህ ሁለት መስመሮች ላይ ያለ እያንዳንዱ መገናኛ ሊበላሽ ይችላል፤ ሆኖም እያንዳንዱ ሲበላሽ የሚያሳየው ምልክት የተለያየ ነው።

የአጠፋፉ ሁኔታ ምን ይናገራል?

አሽከርካሪዎች ወደ ጋራዥ ሲሄዱ ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት «ሞተሩ ይጠፋል» የሚለውን ብቻ ነው። መካኒኩን የሚረዳው ግን ቀጥሎ የተዘረዘረውን ለይቶ መንገር ነው።

ቁልፍ እንደተዘጋ ያህል ድንገት ጸጥ ካለ፦ ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሪኩ መስመር ያደላል። የላላ የባትሪ ማሰሪያ፣ ያረጀ የቁልፍ መገናኛ፣ ከቦቢናው ጋር የሚገናኝ የተላቀቀ ሽቦ፣ የተበላሸ ኮንደንሰር በቅድሚያ ይታያሉ። በሞተሩ መጥፋት ጊዜ ሬዲዮውና የዳሽቦርድ መብራቶቹም አብረው ከጠፉ ችግሩ ከባትሪው እስከ ቁልፉ ባለው ክፍል ውስጥ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው።

እየተንተፋተፈ፣ ኃይል እያጣና እየነጠረ ከጠፋ፦ ጥርጣሬው ወደ ነዳጁ ያደላል። በካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን እስኪያልቅ ድረስ ሞተሩ ጥቂት መታገሉ የዚህ ምልክት ነው።

ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ወይም በመብራት ላይ ሲቆም ብቻ ከጠፋ፦ የሚኒሞው ማስተካከያ፣ በቆሻሻ የተደፈነ የሚኒሞ ቀዳዳ ወይም ከካርቡሬተሩ በታች የሚገባ ትርፍ አየር ይጠረጠራል።

ዳገት ላይ ብቻ ከጠፋ፦ ሞተሩ ብዙ ነዳጅ በሚፈልግበት ጊዜ አቅርቦቱ አልበቃውም ማለት ነው። የተደፈነ ማጣሪያ፣ የደከመ ፖምፓ ወይም በታንከሩ ውስጥ የተጠራቀመ ዝቃጭ ይታያል።

ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ጠፍቶ፣ ሲቀዘቅዝ ያለ ችግር ከተነሣ፦ በነዳጅ መስመሩ ውስጥ ቤንዚኑ መትነኑ ወይም ቦቢናው አለዚያም ኮንደንሰሩ በሙቀት መድከሙ ይጠረጠራል።

በዝናብ፣ በጭጋግ ወይም ውኃ ከተሻገረ በኋላ ከጠፋ፦ እርጥበት ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ወይም ወደ ካንዴላ ሽቦዎች መግባቱ ይጠረጠራል።

ምርመራው በቅደም ተከተል

ምርመራው ከቀላሉና ወጪ ከሌለው ይጀመራል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ተለውጦ ውጤቱ ይታያል። ካንዴላ፣ ኮንደንሰርና ቦቢና በአንድ ቀን በአንድነት ከተቀየሩ መንስኤው የትኛው እንደነበር ሳይታወቅ ይቀራል፤ የተገዛው አዲስ ዕቃ ጉድለት ካለበትም ሌላ ችግር ይጨመራል።

አንደኛ፦ በታንከሩ ውስጥ ቤንዚን መኖሩን ማረጋገጥ። በቆዩ ተሽከርካሪዎች ላይ የነዳጅ ጠቋሚው ብዙ ጊዜ እውነቱን ስለማይናገር፣ ይህን ማረጋገጥ ማንንም ሊያሳፍር አይገባም።

ሁለተኛ፦ የታንከሩን ክዳን መፈተሽ። ቤንዚን ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት። የክዳኑ ወይም የታንከሩ መተንፈሻ ከተደፈነ፣ ሞተሩ ለተወሰነ ኪሎ ሜትር በደንብ ከሄደ በኋላ ይጠፋል፤ ጥቂት ከቆመ በኋላ ደግሞ ይነሣል። ሞተሩ እንደጠፋ ክዳኑ ሲከፈት አየር እየሳበ የሚያፏጭ ድምፅ ከተሰማ መንስኤው በአብዛኛው ተገኝቷል ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ ቤንዚን ወደ ካርቡሬተሩ መድረሱን ማየት። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የአየር ማጣሪያው ይነሣል፤ ወደ ካርቡሬተሩ አፍ እየተመለከቱ የነዳጅ መስጫው ማንቀሳቀሻ በእጅ ይሳባል። የማፍጠኛ ፖምፓ ባላቸው ካርቡሬተሮች ቀጭን የቤንዚን ፍንጥቅታ ከታየ በጎድጓዳው ውስጥ ነዳጅ አለ። ደረቅ ከሆነ ግን ችግሩ ከካርቡሬተሩ ወደ ኋላ፣ ማለትም በማጣሪያው፣ በፖምፓው፣ በቱቦው ወይም በታንከሩ ውስጥ ነው። ይህ ሲደረግ ሲጋራም ሆነ ሌላ እሳት በአካባቢው መኖር የለበትም።

አራተኛ፦ ብልጭታውን መፈተሽ። ከካርቡሬተሩና ከነዳጅ ቱቦዎች ራቅ ባለ ቦታ፣ አንድ ትርፍ ካንዴላ ከሽቦው ጋር ተያይዞ የብረት አካሉ ከሞተሩ ብረት ጋር እንዲነካካ ይደረጋል፤ ሞተሪኖውም ለአጭር ጊዜ ይመታል። ሽቦው ሲያዝ በፕላስቲክ በተሸፈነ ጉጠት መያዝ ያስፈልጋል። ጠንካራና ሰማያዊ ብልጭታ ጤናማ ነው። ቢጫና ደካማ ብልጭታ የደከመ ቦቢናን፣ የተበላሸ ኮንደንሰርን ወይም የተቃጠለ ኮንታክት ፖይንትን ያመለክታል። ከቦቢናው በቀጥታ በሚወጣው ሽቦ ላይ ብልጭታ ኖሮ በካንዴላዎቹ ላይ ከሌለ፣ ችግሩ በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ወይም በውስጡ በሚሽከረከረው አከፋፋይ ላይ ነው።

አምስተኛ፦ የካንዴላዎቹን ቀለም መመልከት። ቡናማ ወይም ግራጫ ቀለም ደኅና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ነዳጅ መብዛቱን፣ ነጭ ቀለም ነዳጅ ማነሱን ወይም ሙቀት መብዛቱን፣ በቤንዚን መራስ ብልጭታ አለመኖሩን ያሳያል። ቅባት ከታየ ደግሞ ሞተሩ ዘይት ያቃጥላል ማለት ነው።

ስድስተኛ፦ ክፍተቶችን መለካት። የኮንታክት ፖይንት ክፍተት ከአገልግሎት ብዛት ይጠባል፤ በጣም ሲጠብ ሞተሩ በሚኒሞ ላይ ይጠፋል። ለምሳሌ በቮልስዋገን ቢትል ላይ የኮንታክት ፖይንት ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። የሌሎች ተሽከርካሪዎች ልክ ከአምራቹ መጽሐፍ ሊወሰድ ይገባል።

ሰባተኛ፦ ትርፍ አየር መግባቱን መፈተሽ። በካርቡሬተሩ ሥር ያለው ጋርኒሲዮን ሲሰነጠቅ ወይም የሰርቮው ቱቦ ሲቀደድ ያልተመጠነ አየር ይገባና ሚኒሞው ይናወጣል። ሞተሩ እየሠራ የማፏጨት ድምፅ ማዳመጥ አንዱ ዘዴ ነው። ከኤሌክትሪክ ክፍሎች በራቀ የመጋጠሚያ ቦታ ላይ ጥቂት ውኃ ሲረጭ የሞተሩ ድምፅ ለአፍታ ከተለወጠ አየር የሚገባበት ቦታ ተገኝቷል። ለዚህ ፍተሻ ቤንዚን መርጨት እሳት ስለሚያስነሣ የተከለከለ ሊሆን ይገባል።

ከጎጀብ ወደ ቦንጋ፦ በሙቀት የሚጠፋ ሞተር

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚጓዝ ተሽከርካሪ ወደ ጎጀብ ወንዝ ሸለቆ ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ ረጅም ዳገት ይወጣል። ሸለቆው ሞቃት ነው፤ ዳገቱ ደግሞ ሞተሩን በዝቅተኛ ማርሽ ያደክመዋል። በዚህ ሁኔታ ከጭስ ማውጫው አጠገብ የሚያልፈው የነዳጅ ቱቦ ይግልና ቤንዚኑ ከካርቡሬተሩ ሳይደርስ ወደ ትነት ይለወጣል። የቆየው ሜካኒካል ፖምፓ ፈሳሽ እንጂ ትነት በደንብ መግፋት ስለማይችል ሞተሩ ነዳጅ አጥቶ ይጠፋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ቤንዚን በዝቅተኛ ሙቀት መትነኑ ችግሩን ያባብሰዋል።

ተመሳሳይ ምልክት የሚያሳየው ሌላው ብልሽት የቦቢና ወይም የኮንደንሰር በሙቀት መድከም ነው። ሁለቱም ሞተሩ ሲሞቅ ይከሰታሉ፤ ሁለቱም ተሽከርካሪው ግማሽ ሰዓት ያህል ካረፈ በኋላ የዳኑ ይመስላሉ። በዚህም ምክንያት ብዙ ባለንብረቶች ፖምፓ ቀይረው ችግሩ ሳይወገድ ይቀራል፤ ሌሎች ደግሞ ያለ ጥፋቱ ቦቢና ይቀይራሉ።

ሁለቱን የሚለየው ፍተሻ የሚሠራው ሞተሩ ገና ትኩስ ሳለ ብቻ ነው። ሞተሩ እንደጠፋ፣ ከመቀዝቀዙ በፊት፣ ከላይ በሦስተኛውና በአራተኛው ተራ ቁጥር የተገለጹት ፍተሻዎች ይደረጋሉ። ብልጭታ ኖሮ ካርቡሬተሩ ደረቅ ከሆነ ችግሩ የነዳጅ ትነት ወይም የነዳጅ አቅርቦት ነው። ነዳጅ ኖሮ ብልጭታ ከሌለ ደግሞ ችግሩ ቦቢናው ወይም ኮንደንሰሩ ነው። ተሽከርካሪው ቀዝቅዞ ወደ ጋራዥ ሲደርስ ግን ሁለቱም ደኅና ሆነው ስለሚገኙ መካኒኩ በግምት ብቻ ለመሥራት ይገደዳል። ስለዚህ አንድ ትርፍ ካንዴላና አንድ ጉጠት በመኪናው ውስጥ ይዞ መጓዝ ጠቃሚ ነው።

መንስኤው የነዳጅ ትነት ከሆነ በነዳጅ ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ማድረግ ለጊዜው ይረዳል። ዘላቂው መፍትሔ ግን የነዳጅ ቱቦውን ከጭስ ማውጫው ማራቅ፣ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለውን ሙቀት ከላካይ ማያያዣ በቦታው መኖሩን ማረጋገጥና የማቀዝቀዣውን ሥርዓት መፈተሽ ነው። የጋለ ራዲያተር ክዳን መክፈት ከባድ ቃጠሎ ስለሚያደርስ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ግድ ነው።

ዝናብ፣ ጭጋግና የካርቡሬተር በረዶ

ካፋ ከሀገራችን ከፍተኛ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዱ ነው። የተሰነጠቀ የዲስትሪቢዩተር ክዳን ወይም ያረጀ የካንዴላ ሽቦ በበጋ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይቆይና በክረምት ተሽከርካሪውን ያቆመዋል። ውኃ ኤሌክትሪኩ ወደ ካንዴላው ከመድረሱ በፊት ወደ ሞተሩ ብረት የሚሾልክበትን መንገድ ይከፍታል። በጨለማ ሞተሩ እየሠራ ሲታይ በሽቦዎቹ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ የሚሮጥ ከሆነ ሽቦዎቹ መቀየር አለባቸው። እጅን ማስጠጋት ግን አይገባም። በመንገድ ላይ ሳሉ ሞተሩን አጥፍቶ የክዳኑን ውስጥና ውጭ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ብዙ ጊዜ ተሽከርካሪውን ወደ ቤት ለማድረስ ይበቃል።

ብዙዎች የማያውቁት ሌላ መንስኤም አለ። በማለዳ ጭጋግ፣ አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ በሆነበት ጊዜ፣ በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን ሲተን አካባቢውን እጅግ ያቀዘቅዘዋል። በዚህም የተነሣ የአየሩ ሙቀት ከበረዶ መጋገሪያ ነጥብ በላይ ቢሆንም እንኳ በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ በረዶ ይጋገራል። ሞተሩ ከተነሣ ጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ኃይል ያጣል፤ ሚኒሞ ላይ ይጠፋል። ጥቂት ደቂቃ ሲቆም ግን ከሞተሩ የሚወጣው ሙቀት በረዶውን ያቀልጠውና ምንም ብልሽት እንዳልነበረ ሆኖ ይነሣል። ቮልስዋገን ቢትልን በመሳሰሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ይህን ለመከላከል ከጭስ ማውጫው ሙቀት የሚያመጣ ቀጭን ቱቦ አለ። ቱቦው በጥላሸት ከተደፈነ ችግሩ በየማለዳው ይደጋገማል። መፍትሔው ቱቦውን ማጽዳትና ሞቃት አየር የሚያመጣው የአየር ማጣሪያ ቱቦ ተነቅሎ ከሆነ መልሶ መግጠም ነው።

ከፍታና የካርቡሬተር ማስተካከያ

ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው 15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተር የአየሩን መሳሳት ራሱ ለይቶ ነዳጁን በበቂ ሁኔታ ስለማይቀንስ፣ ለቆላ አካባቢ የተስተካከለ ተሽከርካሪ ወደ ደጋ ሲመጣ ነዳጅ ይበዛበታል። ጥቁር ጭስ፣ የቤንዚን ሽታ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላና በሚኒሞ ላይ መጥፋት ምልክቶቹ ናቸው። ማለዳ ተስቦ በመርሳት ያልተመለሰ ቾክም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳይ በመጀመሪያ እርሱ ይታይ። ካርቡሬተር የሚስተካከለው ተሽከርካሪው በሚኖርበት ከፍታ ላይ፣ ሞተሩ ሞቆና ኤሌክትሪኩ ተፈትሾ ካለቀ በኋላ ነው። በብልጭታ ጉድለት የሚጠፋ ሞተርን በካርቡሬተር ማስተካከል መሞከር ችግሩን ይሰውረዋል እንጂ አያስወግደውም።

የነዳጅ ንጽሕና

ከማደያ ርቀው በሚገኙ አካባቢዎች ቤንዚን በበርሜልና በጀሪካን ተይዞ ይቀመጣል። በእርጥበታማ አካባቢ ውኃ በመያዣው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድም ወደ ታንከሩ ሥር ይወርዳል። እንዲህ ያለ ነዳጅ የተቀዳበት ተሽከርካሪ በተለይ ታንከሩ ሲጎድልና መንገዱ ሲያንገጫግጭ ይጠፋል። ጥርጣሬ ሲኖር ከማጣሪያው የወጣውን ቤንዚን በንጹሕ ብርጭቆ ቀድቶ ጥቂት ማቆየት ይቻላል፤ ውኃ ካለ ከሥር ተለይቶ ይታያል። ታንከሩ ከተጣራ በኋላ አዲስ ማጣሪያ መግጠም ያስፈልጋል።

የቆዩ የጎማ ቱቦዎችም ከውስጥ እየተላጡ የካርቡሬተሩን ቀዳዳዎች ይደፍናሉ። የተሰነጠቀ ወይም ቤንዚን የሚያረጥብ ቱቦ የእሳት አደጋ ምንጭ በመሆኑ ሞተሩ ባይጠፋም እንኳ ሳይዘገይ መቀየር አለበት።

በመንገድ ላይ ሁለት ልማዶች መቅረት አለባቸው። አንደኛው ሞተሪኖ እየተመታ በካርቡሬተሩ አፍ ቤንዚን ማፍሰስ ነው፤ ከሞተሩ ወደ ኋላ የሚወጣ ነበልባል የብዙ ሰዎችን እጅና ፊት ሊያቃጥል ይችላል። ሁለተኛው ቤንዚንን በአፍ መሳብ ነው። ቤንዚን ወደ ሳንባ ከገባ ለሕይወት ያሰጋል። በስሕተት የዋጠ ሰው ለማስታወክ ሳይሞክር በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

በናፍጣ ለሚሠሩ የቆዩ ተሽከርካሪዎች

የናፍጣ ሞተር ካንዴላም ሆነ ዲስትሪቢዩተር የለውም። ስለዚህ በጉዞ ላይ ሲጠፋ ምርመራው በአብዛኛው በነዳጅ መስመሩ ላይ ያተኩራል። የተደፈነ ማጣሪያ፣ በማጣሪያው ሥር የተጠራቀመ ውኃና በላላ ማያያዣ በኩል የገባ አየር ቀዳሚዎቹ መንስኤዎች ናቸው። አየር ከገባ በእጅ ፖምፓው እየገፉ በመተንፈሻ ብሎኑ በኩል ማስወጣት ያስፈልጋል። አየሩ በየጊዜው ተመልሶ የሚገባ ከሆነ ግን የሚገባበት ቦታ መፈለግ አለበት።

ወደ ጋራዥ ሲሄዱ

ባለንብረቱ ከመሄዱ በፊት በአጭር ማስታወሻ የሚከተሉትን ቢይዝ የጥገናው ጊዜና ወጪ ይቀንሳል፦ ሞተሩ የጠፋበት ቀንና ሰዓት፤ ተነሥቶ ስንት ደቂቃ ወይም ኪሎ ሜትር እንደሄደ፤ ዳገት፣ ቁልቁለት ወይም ሜዳ መሆኑ፤ የአየሩ ሁኔታ፤ ድንገት ወይስ እየተንተፋተፈ መጥፋቱ፤ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደተነሣ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ነዳጅ የተቀዳበት ጊዜና በቅርቡ የተቀየረ ዕቃ። የተቀየረው አሮጌ ዕቃ እንዲመለስ መጠየቅና የሥራውን ደረሰኝ መቀበል የባለንብረቱ መብት ነው።

አንዳንድ ጊዜ መንስኤው ሳይለይ «ሞተሩ አርጅቷልና ይቀየር» የሚል ምክር ይሰጣል። ሞተር መቀየር ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ ከመሆኑም በላይ የሞተር ቁጥሩ በተሽከርካሪው የባለቤትነት መታወቂያ ደብተር (ሊብሬ) ላይ የተመዘገበ ነው። ስለሆነም ማንኛውም ባለንብረት ሞተር ከመቀየሩ በፊት ተሽከርካሪው የተመዘገበበትን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ማማከር ይኖርበታል። ያለዚያ የተመዘገበውና የተገጠመው ቁጥር ሳይገናኝ ቀርቶ በዓመታዊ ምርመራና በስም ማዛወር ጊዜ ችግር ይገጥመዋል።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች በየጊዜው የቴክኒክ ምርመራ እንዲደረግላቸው ይደነግጋል። ይህን ምርመራ ቦሎ ለማግኘት የሚፈጸም ሥርዓት ብቻ አድርጎ ማየት አይገባም። የሚያንጠባጥብ የነዳጅ ቱቦ፣ የላላ የባትሪ ማሰሪያና የደከመ ፍሬን አስቀድመው ሊታዩ የሚችሉበት አጋጣሚ ነው። ወደ ክረምት ከመገባቱ በፊት የዲስትሪቢዩተር ክዳን፣ የካንዴላ ሽቦዎች፣ የነዳጅ ማጣሪያና ቱቦዎች ቢፈተሹ በመንገድ ላይ ሊያጋጥም ከሚችለው መስተጓጎል አብዛኛውን ማስቀረት ይቻላል።

በአጠቃላይ በጉዞ ላይ የሚጠፋ የቆየ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ያለቀለት ሞተር አይደለም። መንስኤው የተደፈነ መተንፈሻ፣ የጠበበ ክፍተት፣ የተሰነጠቀ ክዳን ወይም የጋለ ኮንደንሰር ሊሆን ይችላል፤ እነዚህም ዋጋቸው ከሞተር ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ተሽከርካሪውን በአስተማማኝ ቦታ ካቆሙ በኋላ ሁኔታውን በእርጋታ እንዲያስተውሉ፣ ነዳጁንና ብልጭታውን በቅደም ተከተል እንዲፈትሹ፣ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ብቃት ላለው ባለሙያ እንዲያሳዩ፣ መንስኤው ሳይታወቅ ደግሞ ሰው ጭነው ወደ ዳገትና ቁልቁለት መንገድ እንዳይወጡ ይመከራል።